ዓይኑን ጨፍኖ የሚያቅፍ ባል

ስጦታው እህቴን ያገባ ቀን ለቢሮ ጓደኞቹ ያስተዋወቀኝ «ይሄ ሚሞሪ ጫኙ ነው» ብሎ ነው። የሚስቴ ወንድም አላለም። የኔሰው ብሎ ስሜን እንኳ አልጠራም። ሞጣ አንድ ክፍል የተማርን፣ አንድ ሰፈር ያደግን ሰዎች ነን። እጄን ለቀቅ አድርጎ በአገጩ ወደ ድንኳኑ ጥግ አመለከተኝ፤ እዚያ ጄኔሬተር ጠባቂዎቹና የወንበር አከራዩ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ከእነሱ ጋር በላሁ። ከሠርጉ ሰው ሁሉ የተሻሉት እነሱ ነበሩ። ቢያንስ ዲግሪያቸውን እያወሩ አልጎረሱም።

ይህን የሚጽፈው ቂም ይዞት ነው የሚል ካለ ይበል። ቂምም አለበት። የሆነው ነገር ግን ያው የሆነው ነው።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ ወድቄ የቀረሁ ነኝ። ቢቸና መናኸሪያው አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። ስልክ እጠግናለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ግን መጫን ነው። ሰው ሚሞሪውን ወይም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ከኮምፒውተሬ መዝሙር፣ ዘፈን፣ ድራማ፣ የትርጉም ፊልም እጭንለታለሁ። የገበያ ቀን ከሆነ እህል የሸጠ ሁሉ ከመሳፈሩ በፊት እኔ ጋ ጎራ ይላል።

ሌላም ነገር እጭን ነበር። ስሙን ልጥራው፤ የወሲብ ፊልም። ሱቄ ገብቶ በስሙ የጠራው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ገበሬው «ያቺ የፈረንጅ» ይላል። ሾፌሩ «የአዋቂ» ይላል። የመንግሥት ሠራተኛው ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ሌላስ ነገር የለህም?» ይላል። ከሁሉም ሠራተኛው ያስቀኝ ነበር። ገበሬው ቢያንስ ያፍራል፤ ይሄኛው ግን ሱቁ ውስጥ እኔ የሌለሁ ይመስል በጭንቅላቴ በላይ እያየ ነው የሚጠይቀኝ።

ከዚያች ወንበር ሆኜ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ በየትኛውም ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም። ዘፈን የጫነ ሰው ያንኑ ዘፈን ዓመት ሙሉ ይሰማዋል። ስንጥቅ ስፒከር ላይ ሳይቀር ይሰማዋል። ያንን የጫነ ሰው ግን በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። «ይሄንን አይቼዋለሁ፣ አዲስ የለም?» ይላል። አዲሱን ትሰጠዋለህ፣ በሳምንቱ አዲሱም አርጅቶበታል። መቶ ሴት አይቶ አንዷም ሁለት ጊዜ የማትታይለት ሰው ቤቱ ሲገባ የምትጠብቀው ያችው አንዷ ናት፣ ትናንትም የነበረችው፣ ከትናንት ወዲያም የነበረችው። ምን ሊሆን ነው? እኔ አልተማርኩም፣ እናንተ አስሉት።

ደሴ የሚባል አንድ በሬ ነጋዴ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፣ ልጆች የዳረ። አንድ ቅዳሜ እየሳቀ አስጫነ። በሦስተኛው ቅዳሜ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ፣ «አጥፋልኝ» አለኝ።

«ምነው ጋሽ ደሴ፣ አላማረም?»

«አምሮ ነው እንጂ። ከሚስቴ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ጉልበቷ ላይ ጠባሳ እንዳለ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አሁን ስገባ ስወጣ እሱ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ሴትዮዋን እንደ በሬ እያስመረጠኝ ነው። አጥፋልኝ።»

አጠፋሁለት። ዳግመኛም አልጠየቀኝም። ይሄ ሰው ፊርማውን በአውራ ጣቱ ነው የሚያኖረው።

ስጦታው ወደ ሱቄ የመጣው ኔት የጠፋ ዓመት ነው። ያኔ ማንም በስልኩ ምንም ማውረድ አይችልም፤ ዲግሪ ያለውም የሌለውም እኔ ጋ ተሰለፈ። የወረዳው ባለሙያ አቶ ስጦታው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ማይክ የሚጨብጠው ሰውዬ፣ የቢሮ ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልሎ ቆርቆሮዬን አንኳኳ።

«ሰላም ነው የኔሰው? ሌላስ ነገር የለህም?»

ሳቄን ዋጥኩ። «እንዴት ያለ ሌላ ነገር?»

«አትቀልድ። ገብቶሃል።»

«ወንድሜ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ በግልጽ ካልነገሩኝ አይገባኝም።»

ፊቱ ቀላ። ተናገረው፤ በእንግሊዝኛ ተናገረው። በአማርኛ አፉ እምቢ አለው። ከዚያ፣ «ስልጠና የሚል ፎልደር ክፈትና እዚያ ክተተው» አለኝ። ከተትኩት። የእናርጅ እናውጋ ነው የእነማይ፣ የየትኛው ወረዳ ስልጠና እንደሚሉት አላውቅም፣ ስምንት ጊጋ ስልጠና ይዞ ወጣ።

በዚያው ሰሞን እህቴን ስርጉትን ለማግባት ሽማግሌ ላከ።

አባታችን አቶ ሰማው በደስታ ሦስት ቀን አልተኛም። ዲግሪ፣ ደመወዝ፣ ሲጋራ የለ፣ መጠጥ የለ። እኔስ? እኔ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ወንድ ሁሉ ያያል፣ ሲያገባ ይተዋል ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ልንገራችሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የናቀኝ ሰው ጉዱ በእጄ ነው። ስብሰባ ላይ ስለ ትጋትና ስለ ሥነ ምግባር ሲደሰኩር ባየሁት ቁጥር፣ ስብከቱን ከፎልደሩ ጋር እያስተያየሁ ብቻዬን እስቅ ነበር። ያንን ሳቄን አውጥቼ ለአባቴ መስጠት አልፈለግሁም። የእኔ ብቻ እንዲሆን ፈለግሁ።

ከሠርጉ በኋላ ይተዋል ያልኩት ሰው ከስምንት ጊጋ ወደ ሠላሳ ሁለት፣ ከሠላሳ ሁለት ወደ ስልሳ አራት አደገ። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ እየመረጠ፣ «ይሄ ሁሉ እኮ አንድ ዓይነት ነው» ብሎ አማረረብኝ። እህቴ በዚያች ሰዓት ሦስት መንገድ ተሻግሮ ባለው ቤቷ ምሳውን አቅርባ ትጠብቀዋለች። እኔም ይህን እያወቅሁ ጫንኩለት።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሐሙስ ጠዋት ስርጉት አንድ ፌስታል ይዛ ሱቄ ገባች። አጸደ ሕፃናት ነው የምታስተምረው፤ በሥራ ሰዓት ወጥታ አታውቅም። ሊጠገን በተከፈተ ስልክ ላይ ጎንበስ ብዬ ነበር፣ ቀና አልኩ።

«ሞጣ ልሄድ ነው» አለች።

«ምነው? አባባ አሞታል?»

«ማንም አልታመመም። እኔ ነኝ የምሄደው።»

አጭሯን በርጩማ ገፋሁላት፣ ተቀመጠች። ፌስታሉን ጉልበቷ ላይ አደረገች።  ከዚያ፣

«የኔሰው፣ አንተ ወንድ ነህ። እውነቱን ንገረኝ። እኔ ምን ጎድሎኛል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አስቀያሚ ነኝ?»

«ስርጉት! ምን ነካሽ?»

«አትቆጣኝ። የምጠይቀው ሰው የለኝም። እማማን እንዳልጠይቅ ትሞታለች።» ዓይኗን ከበሩ ውጪ ወዳለው ባጃጅ አዞረች። «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስልኩን ያያል፣ ሰዓት ሙሉ። ሥራ ነው ይለኛል። ወደ እኔ ሲዞር ደግሞ ዓይኑን ይጨፍናል። መጀመሪያ ደክሞት መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ እንዳያየኝ ነው የሚጨፍነው። ከገለጠ አይሆንለትም። አንድ ቀን ‹አይዞህ፣ እየኝ› አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? ‹አንቺ እንጨት ነሽ፣ እንጨት ምን ይታያል› አለኝ።»

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሁሉ ነገረችኝ። ሽቶ ገዛች። ጸጉሯን ተቆረጠች። ክሬም ተቀባች፣ ፊቷ ባላበው ቁጥር ተላጠ። ጾም ሳይሆን ጾመች፣ ወፍራም ነኝ ብላ። እነዚያን እንደ ስንዴ አገዳ የቀጠኑ እጆቿን እያየሁ፣ ከተጨፈነው ዓይን ጀርባ ያለውን ማን እንደጫነው አውቃለሁ። እኔ ነኝ። ፎልደር በፎልደር አውቀዋለሁ።

ያኔ ልነግራት ይገባኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ምንም አልጎደለሽም» አልኩ፣ እዚያው ዘጋሁት። አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ። ሸኘኋት። ጡሩምባው ባይነፋ እናገር ነበር እያልኩ ራሴን ስሸነግል ሰነበትኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ፣ እናቴ ፈንታነሽ ደወለች። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊያስታርቋቸው ነው። ና፣ ወንድም ከሌለ ይነውራል።»

ሄድኩ። ሞጣ አባቴ ቤት ሁለት ሽማግሌ ተቀምጧል። አንዱ የደብሩ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸው። ሌላው ጋሼ አምላኩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ እኔንና ስጦታውን ያስተማሩ። ማስተማር ከተባለ። ስጦታውን ከፊት አስቀምጠው ያስነብቡታል፤ እኔን ከኋላ ያስቀምጡና ጥቁር ሰሌዳ መወልወያ ውኃ ያስቀዱኛል። ሰባተኛን የጨረስኩት ባልዲ ይዤ ነው። ያን ዕለትም ሲያዩኝ፣ «አሃ፣ የኋላ ወንበር መጣ!» አሉና ሳቁ። እኚህ ናቸው ሊፈርዱ የተቀመጡት።

ስጦታው ሱፍ ለብሷል። ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ስርጉት በሩ ጥግ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ተቀምጣለች። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ናት።

መሪጌታ ጀመሩ። «ልጄ ስርጉት፣ ባልሽ ይመታሻል?»

«አይመታኝም።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ቤቱን ያስርባል?»

«አያስርብም።»

«ሌላ ሴት ያያል እንዴ?»

«ሌላ ሴት ጋ ሲሄድ አላየሁም» አለች ስርጉት።

«ታዲያ አንቺ የምትፈልጊው ባል ነው ወይስ መልአክ ነው?» አሉ ጋሼ አምላኩ። አባቴ ሳቀ። ስጦታው እንዳይስቅ ተጠንቅቆ ፈገግ አለ።

«አያየኝም» አለች።

«አያየኝም ማለት?»

«ዓይኑን ይጨፍናል፣ መሪጌታ።»

«ሲጸልይ?»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከመጋረጃው ወዲያ እናቴ፣ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ! አታዋርጂን!» አለች። መሪጌታ ግራ ተጋብተው ጋሼ አምላኩን አዩ። ጋሼ አምላኩ ጣራውን አዩ። እኚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የኖሩት በአራት ጥያቄ ነው፤ ዱላ፣ መጠጥ፣ ገንዘብ፣ ቅምጥ። አምስተኛ ጥያቄ የላቸውም። አራቱን ካለፈ ባልየው ንጹሕ ነው፣ አበቃ።

ተራው የባል ሆነ። ስጦታው ተነሣ። ቤት ውስጥ እንደ ስብሰባ የሚነሣ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

«አባቶቼ፣ እኔ በበኩሌ ኃላፊነቴን ተወጥቻለሁ። በመሐከላችን የኮሙኒኬሽን ጋፕ አለ። እሷ እንደ ሚስት አትቀበለኝም፤ ቅዝቅዝ ያለች ናት። ብዙ ታገስኩ። እኔ ስሟን ማጥፋት አልፈልግም፣ ግን…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «አንዳንድ ሰዎች ዓይነ ጥላ ሊሆን ይችላል ብለውኛል።»

አያችሁልኝ? የተማረው ሰው ነው ይህን የሚለው። አዳራሽ ውስጥ ስለ ዘመናዊ አስተሳሰብ ማይክ የሚያስጮኸው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ትቶ ጥላ ሚስቱ ላይ ፈለገ። ቤቱ ግን ቀለለው። ዓይነ ጥላ ሲባል ሁሉም ሰው ትንፋሹን መለሰ፤ ይሄ ነገር ስም አለው፣ መድኃኒት አለው፣ የሚወቀስም የለም። ከሴትየዋ በስተቀር።

«ተገኘ!» አሉ መሪጌታ። «ሁለት ሱባኤ ጠበል ትግባ። ባሏም አይለያት፣ ልብስ እየያዘ ይመላለስ። ይለቃታል።»

«ከዚያ በፊት ግን» አሉ ጋሼ አምላኩ፣ «ባሏን ሳታስፈቅድ ቤቷን ጥላ ወጥታለች። ሥርዓት ሥርዓት ነው። ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ።»

እኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ በተበደለው ፊት ጎንበስ ይላል፤ ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያወርድለታል። አባቴ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ይዞ መጣ። ትንሽ ነው የመረጠላት፣ የአንድ እጅ ዳቦ የሚያህል። «ለወጉ ነው፣ ልጄ» አላት። ጨካኝ ሰው አይደለም። አላወቀም።

ስርጉት ተነሣች። እምቢ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችም። ድንጋዩን ተቀበለችና ትከሻዋ ላይ አደረገች። ያኔ ገባኝ፤ አምናዋለች። ጥፋቱ የእሷ ነው ብላ ከልቧ አምናለች። እንጨት የተባለችው እንጨት ስለሆነች ነው፣ ጥላ ስላለባት ነው፣ ጠበሉ ከእሷ ላይ የሆነ ነገር አጥቦ ሲወስድ ዓይኑን ይገልጣል። ጎንበስ አለች፤ ስጦታው ደግሞ ይቅር ለማለት እጁን ዘረጋ። ያቺ እጁ! በሠርጉ ቀን ከእጄ ያላቀቃት ያቺው እጁ።

«ቆይ» አልኩ።

ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ። «መሪጌታ፣ ይፍቀዱልኝ። ጥላው ያለበትን ቦታ እኔ አውቀዋለሁ። ደረት ኪሱ ውስጥ ነው።»

«ምን ይላል ይሄ?» አለ አባቴ።

«ስልኩ ውስጥ የወሲብ ፊልም አለ። የሰው ገላ። የማያውቃቸው ሴቶችና ወንዶች ራቁታቸውን የሚያደርጉት። ቀን ከሌት የሚያየው እሱን ነው። ዓይኑን የሚጨፍነው እነሱን ለማየት ነው፣ መሪጌታ፤ ሚስቱን አቅፎ እነሱን ያያል። ስርጉት ላይ ምንም የለባትም።»

እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ አንዳች ነገር ጣለች። ስጦታው ግን የተማረ ነው፣ አልደነገጠም።

«ማስረጃህ ምንድን ነው? ስም ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃል።»

«ስልክህን ለጋሼ አምላኩ ስጣቸው።»

እጁ ወደ ደረቱ ሄደች። ኪሱን ሸፈነች። የተናገረው ነገር ሌላ ነው፣ «የግል መብቴ ነው፣ የቢሮ መረጃ አለበት» ይላል፤ እጁ ግን እዚያው ኪሱ ላይ ተጣብቃ ቀረች። ሁሉም ሰው እጁን ነው ያየው። ጋሼ አምላኩም፣ «ስልኩ አያስፈልግም፣ አያስፈልግም፣ ያ ነገር አንዴ ከገባ…» ብለው ጀመሩና አፋቸውን ያዙ። እሳቸውም የሚያውቁት ነገር ነበር ማለት ነው። ተውኳቸው።

መሪጌታ ብቻ ናቸው በእውነት ግራ የገባቸው። «ቆዩ እስቲ። ሴቲቱ የት ናት?»

«የለችም። ፊልም ነው» አልኩ።

«አልነካትም?»

«አልነካትም። አያውቃትም። እሷም አታውቀውም።»

«እንግዲህ ከሌለች ሴት ጋር ምን ጥፋት ይባላል ይሄ?» ከልባቸው ነው የጠየቁት። 

ስርጉት ድንጋዩን ትከሻዋ ላይ እንደያዘች ቀና ብላ ነበር። ወደ ባሏ ዞር አላለችም። እኔን ነው ያየችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኔት ከጠፋ ጊዜ ጀምሮ።»

«ከሠርጉ በፊት?»

«ከሠርጉ በፊት። ከዚያም በፊት በገዛ ኔቱ ያይ የነበረ ይመስለኛል።»

«እኔን ሳያውቀኝ።»

«ገላሽን ሳያውቀው።»

ድንጋዩን ቀስ ብላ አወረደችና እግሯ አጠገብ አስቀመጠችው። ማንም ይቅር አላላትም፣ ራሷ ነው ያወረደችው። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠች። «እንግዲያው እኔ አይደለሁም» አለች። ለማንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው ፊቷ የተለወጠው። «አንተ እንዴት አወቅህ፣ የኔሰው?»

ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቄ ነው የተነሣሁት። «እኔ ነኝ የጫንኩለት» አልኩ።

ያኔ ቤቱ ነፍስ ዘራ። መሪጌታ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «አሃ! ዕቃውን ያቀረበው ይሄ ነዋ! ታዲያ በዳዩ ተገኘ እኮ!» ጋሼ አምላኩ፣ «ድሮስ ከኋላ ወንበር ምን ይመጣል!» አሉ። አባቴ ከመሬት ድንጋዩን አንሥቶ ደረቴ ላይ ገፋው። «ተሸከም! የሰው ትዳር አፍራሽ! ተሸከምና የእህትህን ባል ይቅርታ ጠይቅ!» ስጦታው ሱፉን አስተካክሎ ተቀመጠ። «እኔ በበኩሌ ለይቅርታ ዝግጁ ነኝ» አለ። እንዲህ አለ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ተሸከምኩ። ለመሸከሙስ ይገባኛል። አልፌው ሄጄ ስርጉት ፊት ጎንበስ አልኩ።

«ወዲህ ነው ልጄ፣ አቶ ስጦታው ወዲህ ናቸው» አሉ መሪጌታ።

«የበደልኩት ሰው እዚህ ነው ያለው» አልኩ።

 ቀና ብዬ አላየኋትም፤ የማየው የጫማዋን ጫፍ ነው። «ሱቅህ መጥቼ ምን ጎድሎኛል ስልህ ታውቅ ነበር» አለች። «እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ።»

«አውቅ ነበር።»

«በእሱ ላይ ልትስቅበት ብለህ እኔን ሰጠኸው።»

ድንጋዩን እንደያዝኩ ይበልጥ ጎነበስኩ። 

«ራስህ አውርደው» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣ «አባቶቼ፣ ደክማችኋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ አልመለስም። ጠበል የሚያስፈልገው ካለ አብሯችሁ ተቀምጧል» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። እናቴ ተከተለቻት፤ የሄደችው ልትቆጣት ይሁን ልታቅፋት አላውቅም፤ ሁለቱም ሲያለቅሱ ሰማሁ።

ጥር ላይ ፍርድ ቤት ተፋቱ። ቢቸና ያለው ወሬ ግን ሌላ ነው። ሚስትየዋ ዓይነ ጥላ ነበረባት፣ ወንድምየው ቅናተኛ ነው፣ ስጦታው የተበደለ ጨዋ ነው። ቢሮው ውስጥ እያዘኑለት ምሳ ይጋብዙታል አሉ። እኔ ያንን ነገር ከኮምፒውተሬ ጠርጌ አጥፍቻለሁ። ደንበኞቼ ሰድበውኝ ሁለት ሱቅ አልፈው ሄዱ፤ እዚያ አለ። ስጦታውም እዚያ ነው የሚሄደው፣ በመሐረብ ጠቅልሎ።

ባለፈው ሰኞ ከዕቃዋ የቀረውን ትልቁን መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ሞጣ አደረስኩላት። አሁን እዚያው ነው የምታስተምረው። ከዚያች እሑድ ወዲህ ስትፈልገኝ ታዘኛለች እንጂ አታወራኝም። ግድግዳውን አሳየችኝ፣ ምስማር መታሁ። መስታወቱን ሰቀልኩት። ፊት ለፊቱ ቆማ ጸጉሯን ትፈታ ጀመር፤ ያ የተቆረጠው ጸጉር ትከሻዋ ደርሷል። ራሷን እያየች፣ ዞርም ሳትል፣

«ስጦታው ሮብ ገበያ ከተማ ሽማግሌ ልኳል አሉ» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«ልጅቱ ማን ናት?»

«ወይንእሸት ትባላለች። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራ።»

«ነገርካት?»

መዶሻው እጄ ላይ ነበር። ምን ልበላት? ሰው አያምነኝም ልበላት? አሁንም ቅናተኛ ይሉኛል ልበላት? ስጦታው ሱፉን ለብሶ፣ ማስረጃህ ምንድን ነው ይለኛል።

«አልነገርኳትም» አልኩ።

ማበጠሪያዋን ከጸጉሯ ሳታወጣ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ከጥቅምት ወዲህ ፊቴን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ዛሬ በሮብ ገበያ አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መኪና አለ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ አንድ አለ» አልኩና መዶሻውን አስቀመጥኩ።